የአንዱ ውጤት ለሌላው ግብዓት የሚሆነው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ «የመጨረሻ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ አንድ አፕ እየሠራሁ ነው። የትም ዓለም ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲከሰት መጠኑን፣ የቦታውን ስምና እዚያ ያለውን የአየር ሁኔታ በአንድ ገጽ ያሳያል። ለተመዘገቡ ሰዎችም መልእክት ይልካል። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ግን በየዘርፉ የዌብ ሰርቪስ (አንድ ፕሮግራም በኢንተርኔት ጠይቆ ዳታ የሚያገኝበት አገልግሎት) መዓት አገኘሁ። የትኞቹ እርስ በርስ እንደሚገጥሙ በምን አውቃለሁ? አማካሪዬ ዩዲዲአይ እና አውል-ኤስ ስለሚባሉት የሰርቪስ ማውጫና መግለጫ ስታንዳርዶች እንዳነብ ነግረውኝ አነበብኩ፤ ዛሬ የሚጠቀምባቸው ሰው ግን አላገኘሁም። ሰርቪሶችን ራሱ ፈልጎ ራሱ የሚያጣምር መንገድ አለ? ወይስ ሁሉንም በእጄ ልሥራ?»

መልስ፦

እህቴ፣ አጭሩ መልስ ይህ ነው። ፍለጋውን በከፊል ለማሽን መተው ይቻላል። ማጣመሩን ግን ቢያንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅሽ ሥሪው። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ብዙ ጎበዝ ተማሪ ወራት የሚያጠፋው እዚህ ቦታ ላይ ነውና።

መጀመሪያ «ተዛማጅ» የሚለውን ቃል እናጥራው። ሁለት ሰርቪሶች አንድ ዘርፍ ውስጥ ስለተመደቡ ብቻ ለአንቺ ሥራ ተዛመዱ ማለት አይደለም። ሁለት የአየር ሁኔታ ሰርቪሶች ብታገኚ አንዱን ስትመርጪ ሌላው መጠባበቂያ ይሆናል እንጂ አብሮ አይሠራም። የመሬት መንቀጥቀጥና የአየር ሁኔታ ሰርቪሶች ደግሞ በስም አይገናኙም። ነገር ግን አንዱ የሚሰጠው ቦታና ሰዓት ሌላው የሚጠይቀው ቦታና ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዝምድና አለ፤ የሚተካኩ አሉ፣ የሚቀባበሉ አሉ። ሁለቱም ያስፈልጉሻል፤ የሚፈለጉበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። የሚቀባበሉት ደግሞ ቅርጻቸው ስለገጠመ ብቻ ገጠሙ አይባልም። ትርጉሙም መግጠም አለበት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

አማካሪሽ ያስነበቡሽን ነገር እንዳትንቂው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ዩዲዲአይን በ2000 ይፋ ያደረጉት አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና አሪባ ናቸው። ሐሳቡ እንደ ስልክ ማውጫ ነው። ድርጅቶች ሰርቪሳቸውን ያስመዘግባሉ፤ ያንቺ ፕሮግራም ማውጫውን ገልጦ የሚስማማውን አግኝቶ ይጠራዋል። ለሁሉም ክፍት የነበረውን ማውጫ አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ኤስኤፒ ያስተዳድሩት ነበር። በ2006 መጀመሪያ ላይ ዘጉት።

ለምን አልሠራም? በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ቴክኒክ አይደለም። ማውጫው ውስጥ መመዝገብ ቀላል ነበር፤ የተመዘገበው ዛሬም በሕይወት መኖሩን የሚከታተል ግን አልነበረም። ደግሞም ሰው ሥራውን የሚሰካው የሚያምነው አካል ላይ ነው። ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ድርጅት ሰርቪስ ከማውጫ አውጥቶ፣ ያውም በፕሮግራም ውሳኔ ብቻ፣ ሥራው ላይ የሚሰካ የለም። ሌላም ነገር አለ። የሰርቪሱን መልክ የሚገልጸው ደብሊውኤስዲኤል የሚባለው ፋይል ቅርጹን ብቻ ነበር የሚናገረው። «እዚህ ጋ ቁጥር ይገባል» ይልሻል። ቁጥሩ ኪሎሜትር ይሁን ማይል አይነግርሽም።

አውል-ኤስ የመጣው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው። በ2004 የዌብ ስታንዳርዶችን ለሚያወጣው ለደብሊው3ሲ ቀረበ። ስለ እያንዳንዱ ሰርቪስ አራት ነገር ይጻፍ አለ። ምን ይቀበላል? ምን ይመልሳል? ከመጠራቱ በፊት ምን መሟላት አለበት? ከተጠራ በኋላ ዓለም ላይ ምን ይለወጣል? እነዚህ ሁሉም ሰው በተስማማበት የጽንሰ ሐሳብ መዝገብ ቢጻፉ፣ ማሽኑ ራሱ እያገናዘበ ሰንሰለት መሥራት ይችላል ማለት ነው። ለምሳሌ አንቺ «ቦታ» ፈልገሽ ሰርቪሱ «የኤርፖርት ቦታ» ከሰጠሽ ይገጥማል፤ ኤርፖርትም ቦታ ነውና። አንቺ «የኤርፖርት ቦታ» ፈልገሽ እሱ ዝም ብሎ «ቦታ» ከሰጠሽ ግን ያጠራጥራል።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ማን ይጻፈው? ሁለት ድርጅቶች «አድራሻ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ እስኪስማሙ ድረስ ሰርቪሶቻቸው ሦስቴ ተለውጠዋል። ጽሑፉን የሚጽፈው ሰው ለፍቶ፣ የሚጠቀምበት ሌላ ነው። በዚህ የተነሳ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ብዙም አልወጣም። አራቱን ጥያቄዎች ግን ውሰጃቸው። እኔ እስካሁን አዲስ ሰርቪስ ባየሁ ቁጥር ወረቀት ላይ አራቱን እጽፋለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ያንቺን አፕ ይመለከታል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፍለጋው። ከሰርቪስ አትጀምሪ፤ ከገጹ ጀምሪ። ተጠቃሚው ምን ያያል? መጠን፣ ጥልቀት፣ ሰዓት፣ የቦታ ስም፣ ሙቀት፣ ንፋስ። ከዚያ እያንዳንዱን ወደ ኋላ ተከተዪው። ሙቀቱን ለማወቅ ምን ያስፈልጋል? ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ሰዓት። የቦታ ስሙን ለማወቅስ? ኬክሮስና ኬንትሮስ። እነሱን ማን ይሰጣል? የመሬት መንቀጥቀጥ ሰርቪሱ። በቃ፣ ሰንሰለቱ ተሣለ። አሁን የምትፈልጊው «ጥሩ ኤፒአይ» (ፕሮግራም ሰርቪሱን የሚጠራበት በር) አይደለም። «ነጥብ ተቀብሎ የቦታ ስም የሚመልስ» ሰርቪስ ነው። ይህ ደግሞ በሙያው ስም አለው፤ ሪቨርስ ጂኦኮዲንግ ይባላል። ስሙን ካወቅሽ ፍለጋው ግማሹ አልቋል።

የሚተካኩትን ስትፈልጊ መጀመሪያ የምትጠይቂው ጥያቄ «የዘርፉ ሰዎች የተስማሙበት ስታንዳርድ አለ ወይ?» የሚል ይሁን። አንቺ እድለኛ ነሽ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ባለሙያዎች ተስማምተዋል። ኤፍዲኤስኤን የሚባለው የዲጂታል ሳይስሞግራፍ መረቦች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የጥያቄውን አጻጻፍ ወስኗል። የመነሻ ሰዓት፣ የመጨረሻ ሰዓት፣ ዝቅተኛ መጠን፣ የአካባቢ ወሰን፣ ሁሉም የታወቀ ስም አላቸው። የአሜሪካው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ ማለትም ዩኤስጂኤስ፣ በዚህ አጻጻፍ ይመልሳል። የአውሮፓና ሜዲትራኒያኑ ማዕከል ኢኤምኤስሲም ይመልሳል። የጣሊያኑ ብሔራዊ ተቋም አይኤንጂቪም እንዲሁ። የአንዱ ሰርቨር ቢወድቅ የድረ ገጹን አድራሻ ቀይረሽ ያንኑ ጥያቄ ለሌላው ትልኪያለሽ። ዩዲዲአይ ቃል የገባልን ነገር እዚህ ዘርፍ ላይ ያለ ምንም ማውጫ እውን ሆኗል። የሆነውም ሰዎቹ አስቀድመው ስለሚተዋወቁና የሚለዋወጡት ዳታ ስላላቸው ነው። ሌሎች ዘርፎችም አላቸው። የሕዝብ ትራንስፖርት የጊዜ ሰሌዳ ጂቲኤፍኤስ አለው፤ ቤተ መጻሕፍት ኦኤአይ-ፒኤምኤች አላቸው።

ስታንዳርድ የሌለበት ዘርፍ ከሆነ ኦፕንኤፒአይ የሚባለውን፣ ሰርቪሱ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ የሚዘረዝረውን መግለጫ ፈልጊ። በ2011 ስዋገር ተብሎ ነው የጀመረው፤ በ2015 ወደ ሊነክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ገባ። ዛሬ በርካታ ሰርቪሶች ይህን ፋይል ያወጣሉ። ኤፒአይስ ጉሩ የሚባለው ስብስብ ብዙዎቹን አንድ ቦታ አከማችቷል። በ2025 ደግሞ አርኤፍሲ 9727 የሚባል የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሰነድ ወጥቷል። ድርጅቶች የኤፒአይ ዝርዝራቸውን በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ በአንድ የታወቀ አድራሻ እንዲያስቀምጡ የሚል ነው። የስልክ ማውጫው ሐሳብ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ አሁን ግን እያንዳንዱ የራሱን ገጽ ራሱ ይይዛል። ይህ ከድሮው የተሻለ ይመስለኛል። ሰርቪሱ ሲሞት ማውጫውም አብሮት ይሞታልና።

ሌላው መንገድ የሰው ኮድ ማየት ነው። ክፍት ኮድ ማከማቻዎች ላይ የሁለቱን ሰርቪሶች ስም አንድ ላይ አድርገሽ ፈልጊ። አንድ ሰው አስቀድሞ አጣምሯቸው ከሆነ የተቸገረበትን ቦታ በኮዱ ውስጥ ታያለሽ።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፤ መገጣጠሚያው ጋ።

አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ እንውሰድ። ሂንዱ ኩሽ ተራሮች ሥር፣ አፍጋኒስታን ውስጥ። የዩኤስጂኤስ ምላሽ፣ ጂኦጄሰን በሚባለው የቦታ ዳታ አጻጻፍ ሲመጣ፣ ቦታውን በሦስት ቁጥር ይሰጥሻል፤ 70.9፣ 36.5፣ 210 እንበል። የመጀመሪያው ኬንትሮስ ነው። ሁለተኛው ኬክሮስ። ሦስተኛው ጥልቀት በኪሎሜትር። ኬንትሮስ የሚቀድመው ዩኤስጂኤስ ስለወደደው አይደለም። ጂኦጄሰን የሚባለው ስታንዳርድ ራሱ እንዲህ ይላል፤ በ2016 በወጣው አርኤፍሲ 7946 ተጽፏል። እኛ ግን በአፋችን የለመድነው «ኬክሮስና ኬንትሮስ» ብለን ነው። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ፈንክሽንም ኬክሮስን ያስቀድማል።

ሁለቱን አቀያይረሽ ኦፕን-ሜቴዎ ለሚባለው የአየር ሁኔታ ሰርቪስ ብትልኪስ? ኬክሮስ 70.9፣ ኬንትሮስ 36.5። ይህ ነጥብ ባሬንትስ ባሕር ላይ ነው፤ ከሩሲያ ሰሜናዊ ጠረፍም አልፎ። ሰርቪሱ ስህተት አይልሽም። የዚያን ባሕር ሙቀትና ንፋስ አሳምሮ ይመልሳል። ገጽሽ ላይ የአፍጋኒስታን የመሬት መንቀጥቀጥ ከአርክቲክ ብርድ ጋር ይወጣል። ቅርጹ ገጥሟል፤ ቁጥር ተጠይቆ ቁጥር ተሰጥቷል። ትርጉሙ ግን ፈርሷል።

ይህን የምጽፈው ደርሶብኝ ነው። የሠራሁትን ማጣመሪያ ቴስት ያደረግኩት ምሥራቅ ቱርክ ውስጥ፣ ማላትያ አካባቢ ባለ ነጥብ ነበር። እዚያ ኬክሮሱም 38 ከምናምን፣ ኬንትሮሱም 38 ከምናምን ነው። ተቀያየሩም አልተቀያየሩም ያው ናቸው። ቴስቱ አለፈ። ስህተቱን ያገኘነው ሥራው ከወጣ በኋላ አንድ ተጠቃሚ «ይህ ሙቀት እንዴት ይሆናል?» ብሎ ሲጽፍልን ነው። ከዚያ ወዲህ ለቦታ ቴስት ሁልጊዜ የምይዛቸው ነጥቦች አሉኝ። አንዱ ጃፓን ነው፤ ኬንትሮሱ 142 ገደማ ስለሆነ ከተቀያየረ ኬክሮስ ከ90 ያልፍና ሰርቪሱ ራሱ ይጮሃል። አንዱ ቺሊ ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ኔጌቲቭ ናቸው። አንዱ ፊጂ ነው፤ ኬንትሮሱ 180 ዲግሪ መስመር ዳር ላይ ነው። አንዱ ደግሞ ያው ሂንዱ ኩሽ፤ ከተቀያየረ ዝም ብሎ የሚያልፍ ስለሆነ መልሱን በዓይኔ አየዋለሁ።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። የዩኤስጂኤስ ጂኦጄሰን ሰዓት ከ1970 መግቢያ ጀምሮ በሚሊሰከንድ የተቆጠረ ነው፤ 13 አሃዝ አለው። ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ደግሞ የሚጠብቁት 10 አሃዝ ያለውን የሰከንድ ቁጥር ነው። ሳታካፍዪ ከሰጠሻቸው ከ50,000 ዓመተ ምሕረት በላይ የሆነ ቀን ያወጣሉ። ይህኛው ደግነቱ ራሱን ያጋልጣል። የሚያስቸግረው ቀጣዩ ነው። ኦፕን-ሜቴዎ ሰዓቶቹን በጽሑፍ መልክ በየሰዓቱ ይደረድራል፤ ካልነገርሽው በስተቀር በግሪንዊች ሰዓት ነው። መንቀጥቀጡ 10:47 ላይ ከሆነ የ10ን ሰዓት ነው የምትወስጂው ወይስ የ11ን? ሁለቱም ያስኬዳል። አንዱን ወስኚና ጻፊው፤ አለበለዚያ አንዱ ፋይልሽ አንዱን፣ ሌላው ፋይልሽ ሌላውን ይወስዳል። ደግሞ አሁን ለተከሰተው የትንበያው አድራሻ ይበቃል። ከዓመታት በፊት ለተከሰተ ግን የታሪክ ዳታ የሚሰጥ ሌላ አድራሻ አላቸው። ስሙ አንድ የሆነ ሰርቪስ ውስጡ ሁለት ሊሆን ይችላል።

የቦታ ስሙን በተመለከተ ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ክፍት ካርታ ላይ የቆመው ኖሚናቲም ሳይመጣልሽ አልቀረም። ጥሩ ሰርቪስ ነው። ግን ኬክሮስና ኬንትሮስን የሚመልሰው በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ እንደ ጽሑፍ ነው። ወደ ቁጥር ሳትቀይሪ ካወዳደርሽ «9» ከ«36» ይበልጣል የሚል ቋንቋ ያጋጥምሻል። ለሁሉም ክፍት የሆነው ሰርቨሩ ደግሞ በሰከንድ ከ1 ጥያቄ በላይ አይፈቅድም። አፕሽ ማን እንደሆነ በጥያቄው ራስጌ ላይ እንድትገልጪ፣ ያገኘሽውንም ካሽ አድርገሽ፣ ማለትም ደግመሽ እንዳትጠይቂ አስቀምጠሽ፣ እንድትይዢ ይጠይቃል። መንቀጥቀጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውቅያኖስ ውስጥ ነው የሚሆነው። እዚያ አድራሻ የለም፤ ማግኘት አልቻልኩም የሚል መልስ ይመጣል።

እኔ ብሆን ኖሚናቲምን ከመጀመሪያው ዙር አወጣዋለሁ። የዩኤስጂኤስን ምላሽ እስከ ታች አንብቢው። «ፕሌስ» የሚል መስክ አለው። ከየትኛው ከተማ፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ስንት ኪሎሜትር እንደሆነ ተጽፎ ይመጣል። ለውቅያኖሱም አንድ መግለጫ ይኖረዋል። የፈለግሽው ነገር የመጀመሪያው ሰርቪስ ኪስ ውስጥ ነበር። ስሙን በተጠቃሚው ቋንቋ ማሳየት ስትፈልጊ ብቻ ኖሚናቲምን ጨምሪው፤ የቋንቋ ምርጫ ይቀበላል። ብዙ ሰው ሰንሰለቱን የሚያረዝመው የመጀመሪያውን ምላሽ ሙሉውን ስላላነበበ ነው።

ሰንሰለት ሲረዝም ምን እንደሚሆን በቁጥር እንየው። እያንዳንዱ ሰርቪስ ከ100 ጥሪ 99ኙን ይመልሳል እንበል። ሦስቱም ካልመለሱ ገጹ አይከፈትም ካልሽ፣ 0.99 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.97 ገደማ ይመጣል። ወደ ዓመት ሲቀየር አንዱ ብቻውን ከ4 ቀን ያነሰ ይጠፋ የነበረው፣ ሦስቱ ተያይዘው ወደ 11 ቀን ይጠጋል። ስለዚህ የትኛው ግዴታ፣ የትኛው ማሟያ እንደሆነ ለዪ። መንቀጥቀጡ ግዴታ ነው። የአየር ሁኔታው ማሟያ ነው፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ ቦታውን ባዶ ትተሽ ገጹን ክፈቺ። የቦታ ስምና የአየር ሁኔታ እርስ በርስ ስለማይጠባበቁም አንድ ላይ ጥሪያቸው፤ በተራ አይሁን። 429 የሚል መልስ ከመጣ «በዛብኝ» ማለቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስንት ሰከንድ እንደምትጠብቂ «ሪትራይ-አፍተር» የሚል ራስጌ አብሮ ይመጣል፤ እሱን አክብሪ።

ውሉንም አትርሺ። ሰርቪስ ስታጣምሪ የአጠቃቀም ውላቸውንም አብረሽ እያጣመርሽ ነው። የዩኤስጂኤስ ዳታ በአብዛኛው የሕዝብ ንብረት ነው። ኦፕን-ሜቴዎ ለንግድ ላልሆነ ሥራ ያለ ቁልፍ ይሰጣል፤ ምንጩ እንዲጠቀስ ግን ይፈልጋል። ኦፕንስትሪትማፕ ምንጭ መጥቀስን ያስገድዳል፤ ዳታውን ከሌላ ጋር ቀላቅለሽ አዲስ ዳታቤዝ አድርገሽ ካሰራጨሽም በዚያው ፈቃድ እንድታወጪው ይጠይቃል። ገጽሽ ላይ የሚሠራው ከሦስቱ ጥብቁ ውል ነው። ነገ አፑን ልትሸጪው ካሰብሽ ይህን ዛሬ ማወቅ አለብሽ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይ፤ ማንነት። አንድ መንቀጥቀጥ ሲከሰት መጀመሪያ የሚወጣው በማሽን የተሰላ ግምት ነው። ቆየት ብሎ ባለሙያ ያየዋል፤ መጠኑ ይስተካከላል፣ ቦታውም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ዩኤስጂኤስ ምላሹ ላይ «አውቶማቲክ» ወይም «የታየ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። መለያ ቁጥሩ ራሱ ሊቀየር ይችላል። አንድን ክስተት የተለያዩ መረቦች ሲመዘግቡት ዋና ተብሎ የሚመረጠው ሊለወጥ ይችላልና። ለዚህ ነው «አይዲ» ከሚለው ሌላ «አይዲስ» የሚል መስክ ያለው፤ ለዚያ ክስተት የተሰጡት መለያዎች ሁሉ ተደርድረው የሚገኙት እዚያ ነው። ኢኤምኤስሲን መጠባበቂያ ካደረግሽ ደግሞ ያው መንቀጥቀጥ በሌላ መለያ፣ ጥቂት ኪሎሜትር ራቅ ብሎ፣ መጠኑም በነጥብ ቤት ተለይቶ ይመጣል። አንድ መሆናቸውን የምታውቂው በሰዓትና በርቀት ቅርበት ነው። ገደቡን ጠባብ አድርጊው። ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ ተከታዮቹ በደቂቃዎች ልዩነት እዚያው አካባቢ ስለሚመጡ ሁለቱን አንድ አድርገሽ እንዳትቆጥሪ።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? መልእክት ስለምትልኪ። አራተኛውን የአውል-ኤስ ጥያቄ አስታውሺ፤ ከተጠራ በኋላ ዓለም ላይ ምን ይለወጣል? መንቀጥቀጥ መጠየቅ፣ የአየር ሁኔታ መጠየቅ ምንም አይለውጥም። አሥር ጊዜ ብትጠሪው ያው ነው። መልእክት መላክ ግን ይለውጣል። መጠኑ 5.9 ተብሎ የወጣው ወደ 6.1 ሲስተካከል አፕሽ እንደ አዲስ ክስተት ቆጥሮ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ቢልክ የሚደነግጥ ሰው አለ። የሚደነግጠው ደግሞ ቤተሰቡ እዚያ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክስተት የራስሽን መለያ ፍጠሪ፤ የተላከለትን መዝግቢ፤ የተስተካከለ ሲመጣ «እርማት» ብለሽ ላኪ ወይም አትላኪ፣ ደንቡን ግን ከአሁኑ ወስኚ። መላኩም የሰንሰለቱ የመጨረሻ እርምጃ ይሁን። ከሱ በፊት የሚበላሽ ነገር ካለ ተበላሽቶ ይለቅ።

ሳጋ የሚባለውን ሐሳብም በሥራሽ ውስጥ ብትጠቅሽ አማካሪሽ ደስ ይላቸዋል። ሄክቶር ጋርሲያ-ሞሊናና ኬነዝ ሳሌም በ1987 ያቀረቡት ነው። ረጅም ሥራ ወደ ትንንሽ እርምጃዎች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚያካክሰው ተቃራኒ እርምጃ ይዘጋጃል። በረራ ተይዞ ሆቴል ከጠፋ በረራው ይሰረዛል። የተላከ መልእክት ግን መሰረዣ የለውም። ማካካሻው ሌላ መልእክት ብቻ ነው።

ራሱ የሚያጣምር መሣሪያ አለ ወይ ላልሽው፣ ሙከራው ብዙ ነው። ያሁ ፓይፕስ በ2007 መጥቶ ሰው በመዳፊት እየጎተተ ሰርቪስ እንዲያገናኝ አድርጎ ነበር፤ በ2015 ሲዘጋ በላዩ የተሠራው ሁሉ አብሮ ቆመ። የጥሪ ቅደም ተከተልን በስታንዳርድ ለመጻፍ ቢፔል በ2007 ጸድቋል፤ የኦፕንኤፒአይ ሰዎች ደግሞ በ2024 አራዞ የሚባለውን አውጥተዋል። በ2024 መጨረሻ የመጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልም የቋንቋ ሞዴሎች ሰርቪሶችን አይተው እንዲጠሩ መንገድ ከፍቷል። ሞዴሉ እጩ ሰርቪሶችን በመጠቆም፣ የመጀመሪያውን ኮድ በመጻፍ በጣም ያግዝሻል፤ ተጠቀሚበት። ግን እሱም ዶክመንቴሽኑ ላይ የተጻፈውን ነው የሚያየው። የቁጥር ቅደም ተከተሉ ካልተጻፈ እንደ እኔና እንደ አንቺ ይገምታል። ያንቺ አፕ ሦስት ሰርቪስ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ትንሽ ፋይል በቂ ነው፤ የሰርቪሱን ምላሽ ተቀብሎ ወደ አንቺ የውስጥ ቅርጽ የሚቀይር። ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ጥልቀት በኪሎሜትር፣ ሰዓት በግሪንዊች። ከዚያ ፋይል ውጪ ያለ ኮድሽ ዩኤስጂኤስ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አይወቅ። ከእያንዳንዱ ሰርቪስ አንድ እውነተኛ ምላሽ ፋይል ላይ አስቀምጪና በየቀኑ ከሚመጣው ጋር የሚያወዳድር ቴስት አስኪጂ። ሰርቪሱ ሲለወጥ መጀመሪያ የምታውቂው አንቺ ትሆኛለሽ።

ለዚህ ሳምንት ኮድ መጻፍ አቁሚ። አንድ እውነተኛ መንቀጥቀጥ ምረጪ። ሦስቱንም ሰርቪሶች በብራውዘር በእጅሽ ጥሪያቸው። የመጣውን እያንዳንዱን መስክ ስሙን፣ መለኪያውን፣ ትርጉሙን ሠንጠረዥ ላይ ጻፊ። ሠንጠረዡን ብትልኪልኝ በደስታ አየዋለሁ።

አንድ ልረሳው የነበረ ነገር። ከኤፍዲኤስኤን ሰርቪሶች መካከል እየቀያየርሽ የምትጠቀሚ ከሆነ ምላሹን በክዌክኤምኤል ጠይቂ፤ ሦስቱም የሚግባቡበት ቅርጽ እሱ ነው። ግን ተጠንቀቂ፤ ክዌክኤምኤል ውስጥ ጥልቀቱ በሜትር ነው። የሂንዱ ኩሹ 210፣ ከዚያው ከዩኤስጂኤስ በዚህ ቅርጽ ሲመጣ 210,000 ይሆናል።